ወንድሜ የቆጠረው ዘር

ወንድሜን ደሳለኝን በቀበርነው ቀን መቃብሩ ላይ የተናገሩት ሰዎች ሁሉ ዋሹ። ክፋት የለባቸውም፤ ሰው ሲሞት እንዲህ ይባላል። አንዱ ጎረቤታችን «አንደበቱ ማር ነበር» አለ። አብሮት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረ ልጅ በዕብራይስጥ «ትዕግሥቱ ልዩ ነበር» አለ። እናቴ ከጎኔ ቆማ ነበር። «ምን አለ? ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። እያለቀሰች ቀና ብላ አየችኝና «ስለማን ነው የሚያወራው?» አለች።

የደሳለኝ አንደበት ማር አልነበረም። ምላጭ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ወደ ቤር ሼቫ በሚወስደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና መታው። ወደ ሥራው እየሄደ ነበር። ጠዋት ሲወጣ ለመጨረሻ ጊዜ የነገረኝ «ጫማህ ይሸታል፣ በረንዳ አውጣው» የሚል ነው። አወጣሁት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

ልጽፍ ስነሳ ደግ ደጉን ልምረጥ ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ደግ ደጉን ብቻ ስጽፍ ሌላ ሰው ይሆንብኛል። እኔ ያንን ሌላ ሰው አላውቀውም።

ከጎንደር ስንመጣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ አሥራ ሰባት። ቂርያት ጋት ከተማ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን፤ አሁንም እዚያው ነን። አባቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፕላስቲክ ፋብሪካ ሥራ ያዘ። ደሳለኝ ቋንቋውን ከሁላችንም ቀድሞ ያዘ፣ ውትድርናውን ጨረሰ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አንዱን ዲግሪ በሌላው ላይ ደረበ። በዘመዶቻችን መካከል እንዲህ የተማረ ሰው አልነበረም። እሱም ይህን ለመደበቅ አንድ ቀን አልሞከረም።

ሥራው ዲኤንኤ ላይ ነበር። ሽማግሌዎች ይጠይቁታል።

«ሐኪም ነህ ልጄ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ይሄ የምትሠራው ነገር ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?»

«ለእርስዎ? ምንም።»

እናቴ በዓይኗ ትቆጣዋለች። እሱ ትከሻውን ይነቀንቃል። «ጠየቁኝ፣ መለስኩ» ይላል። ይህ አባባሉ ነበር። ሰውን አቁስሎ ሲያበቃ የሚለው ይህንን ነው። ጠየቁኝ፣ መለስኩ።

ለባግሩት፣ ማለት ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ ባዮሎጂ ያስጠናኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ከበረንዳው ገመድ ላይ የልብስ መቆንጠጫዎቹን ሁሉ ለቃቅሞ አመጣ። የታጠበው ልብስ መሬት ላይ ወደቀ፣ እናቴ ጮኸች፣ እሱ አልሰማም። ሁለት ገመድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መቆንጠጫዎቹን በቀለም በቀለም ለየና «ይሄ ኤ ነው፣ ከቲ ጋር ይያዛል። ይሄ ጂ ነው፣ ከሲ ጋር ይያዛል። ሌላ የለም። ድገምልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። በሁለቱ ገመድ መካከል ጥንድ ጥንዱን እያያያዝኩ እንደ መሰላል ሠራሁት፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ጠመዘዝነው። ደስ አለኝ። የገባኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ስመጣ ጂውን ከቲ ጋር አያይዞ ጠበቀኝ።

«ይሄ ስህተት ነው» አልኩት።

«ማን አለ?»

«አንተ። ትናንት።»

«ትናንት የነገርኩህ ለሕፃን የሚነገረውን ነው። ዛሬ አንድ ቀን አድገሃል።»

ከዚያ ስለ ሥራው ነገረኝ። ስለ ሥራው ሲያወራ ብቻ ነው ድምፁ የሚለሰልሰው። ጂ አንዳንዴ ከቲ ጋር ይያዛል አለኝ፤ ትንሽ ተንሸራቶ፣ ትከሻውን ሰበር አድርጎ፣ ግን ይያዛል። ኤ ደግሞ ከራሱ ከቲ ጋር ሳለ ድንገት ይገለበጣል፣ በሌላ ጎኑ ይይዘዋል፣ ዓይን እስኪጠቀስ እንኳ ሳይቆይ ይመለሳል። ክሩ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዘዘው ይባላል፤ ፊደሎቹ በሆነ ተራ ሲደረደሩ ግን ወደ ግራ የሚጠመዘዝበት ቦታ አለ። አራት ሆኖ የሚቋጠርበትም አለ። «መጽሐፍህ ላይ ያለው ሥዕል የመታወቂያ ፎቶ ነው» አለኝ። «መታወቂያው ላይ ያለውን የሚመስል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ፈተናው ላይ ስልሳ ሁለት አመጣሁ። እንግዶች ነበሩን። እሱ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ስልሳ ሁለት» አላቸው። «ሃምሳው የመቆንጠጫዎቹ ነው፣ አሥራ ሁለቱ የእሱ።» ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ተነስቼ መኝታ ቤት ገባሁ። ተከትሎኝ መጣ፤ ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። «ነገ በስድስት ሰዓት እንጀምራለን» ብሎኝ ወጣ። ሁለተኛ ስፈተን ሰማንያ አራት አመጣሁ። ውጤቱን አይቶ ምንም አላለም። እሱ ምንም ካላለ ትልቅ ነገር ነው።

አስቴርን ያገኘው በክፉ ቀን ነው። እናቴን ክሊኒክ ወስደናት ነበር። ካርድ የምትቀበለው ሴት እናቴን እንደ ሕፃን ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እየቆራረጠች አናገረቻት። ደሳለኝ ወደ መስኮቱ ተጠጋና በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዕብራይስጥ «እናቴ... ትልቅ... ሴት... ናት። ገባሽ... ወይስ... ልሣልልሽ?» አላት። ሴትየዋ ቀላች። እሱ አላቆመም። ለምትለው ሁሉ በዚያው መልክ መለሰላት፣ እስክታለቅስ ድረስ። እኔ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ መሬት መሬት አየሁ።

ያን ጊዜ አንዲት ነጭ የለበሰች ነርስ ከውስጥ ወጣች። በአማርኛ፣ እኛው ሰፈር እንደሚነገረው፣ «ጎበዝ!» አለችው። «ሴት አስለቀስህ። በል አሁን እናትህን አስገባና አንተ ውጭ ጠብቅ።»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ። የማን እናት እንዲያማት ነው የምትፈልገው?»

ወጥቶ ውጭ ቆመ። ወንድሜ በሰው ትእዛዝ ሲወጣ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እናቴ በታክሲ ስንመለስ ክንዷን እያሸች «ይህችን ልጅ አግባ፤ ሌላ የምትችልህ የለም» አለችው። 

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረው ቆዩ። አስቴር ከወላጆቿ ጋር ከከተማችን ዳር፣ ካርሜ ጋት አዲሶቹ ፎቆች ውስጥ ትኖር ነበር። አባቷ አያ ፈንታ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ጠባቂ ናቸው፤ ሳቂታ ሰው። ደሳለኝ እሳቸው ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል ብላ አስቴር ነግራኛለች። አላመንኳትም፤ በኋላ ግን አየሁት። ሳህን ያነሳ ነበር። እኛ ቤት ሳህን አንስቶ አያውቅም። በሕይወቱ የፈለገው አንድ ነገር እሷን ማግባት ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ዲግሪዎቹን አገኛቸው እንጂ አልፈለጋቸውም።

በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጫጨታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌ ተቀምጦ ከልጁም ከልጅቷም ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሥጋ ናቸው፣ አይጋቡም። እኛን የሚቆጥሩልን አባ ታከለ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን የግማሽ ጎንደርን ትውልድ በጣታቸው አንጓ ላይ ይዘውታል። በአውራ ጣታቸው አንጓውን እየነኩ አንድ አንድ ስም ይጠራሉ። የእኛን ጠሩ፣ አባቴን፣ አያቴን፣ ወደ ላይ። የአስቴርን ጠሩ፣ አያ ፈንታን፣ አባታቸውን፣ ወደ ላይ። ስድስተኛው አንጓ ላይ አውራ ጣታቸው ቆመ።

«እጅጉ» አሉ። «ሁለታችሁም የእጅጉ ናችሁ። ስድስት ቤት።»

አለቀ። አባቴ አንገቱን ደፋ። አያ ፈንታ «ምን ይደረግ» አሉ። ደሳለኝ ሳቀ። «በስድስት ቤት ከእሷ ጋር የምጋራው ከዚህ ጠረጴዛ ጋር ከምጋራው አይበልጥም» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ዝም ብለን እንጋባ አላት፤ የአገሩ ሕግ አይከለክልም። አስቴር እምቢ አለች። «አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም። የምትችል ከሆነ አስመርቀኝ» አለችው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለደሳለኝ መናገር እሳት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው።

አባ ታከለ ከሕንፃችን ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አስጠርተውት እኔም አብሬው ወርጄ ነበር።

«ልጄ፣ ልትመረምር ነው አሉኝ።»

«አዎ አባ።»

«ተወው። እኔ ስድስት ካልሁ ስድስት ነው። ከዚያ ወዲያ መቆፈር ለማንም አይበጅ። ለአንተም አይበጅ።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ ዝም ሲል አብረኸው ዝም በል። ሴት ሞልታለች።»

«አባ ታከለ፣» አላቸው፣ «ዕድሜ ነው። ረስተው ይሆናል። አይፈሩ፣ ማንም አይቀየምዎትም።»

ለእኚያ ሰው ረስተዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የቀራቸው ይህ ትውስታቸው ብቻ ነው።  ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። በትራቸውን ፈልገው አገኙና ተነሱ። ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሮ «ጠየቁኝ፣ መለስኩ» አለ።

ያሰበው ይህ ነው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ አለ። ሌላው ሁሉ ከእናትም ከአባትም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይደባለቃል፤ ይሄኛው ጥንድ ስለሌለው እንዳለ ይወርዳል። «እጅጉ የነበረው እኔም ጋ፣ አያ ፈንታም ጋ መኖር አለበት» አለኝ። «ከሌለ...»

«ከሌለ?»

«ከሌለ ሙሽራ ነኝ።»

እዚህ አገር ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲህ ያለ ምርመራ አይደረግም። ውጭ አገር ላለ ጓደኛው ሊልከው ተስማማ። ምራቅ ሊቀበል ካርሜ ጋት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። አያ ፈንታ የሰንበት ሸሚዛቸውን ለብሰው ጠበቁን።

«ምራቅ ብቻ?» አሉ። «እኔ እኮ ደም ልትቀዳኝ ነው ብዬ ቁርሴን አብዝቼ ነው የበላሁት።» ትንሿን ብልቃጥ ተቀብለው ሞከሩ። አፋቸው ደረቀ። ከት ብለው ሳቁ፣ እንደገና ሞከሩ።

«ሎሚ አስብ አባዬ» አለች አስቴር።

«ሎሚ፣ ሎሚ... በይ እያሳቅሽ አታድርቂኝ!» በመጨረሻ ሞላላቸው። ክዳኑን ራሳቸው ገጥመው ለደሳለኝ ሰጡት። «እንካ ልጄ። ከዚህ ወዲያ ከአፌ የሚወጣው ምርቃት ነው።»

ውጤቱ የመጣ ቀን ደሳለኝ እናቴን ከነወንበሯ ሊያነሳት ሞከረ። «አበድህ?» አለችው። አልገጠመም ነበር። የእኛና የአያ ፈንታ ፈጽሞ የተለያየ ነበር።

ዓርብ ቀን ከሰንበት በፊት ሳሎናችን ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴ፣ አባ ታከለ፣ አያ ፈንታ፣ የአባቴ እህት እንጉዳይ፣ እናቴ፣ እኔ። አስቴር ሥራ ላይ ነበረች። ደሳለኝ ቆሞ ተናገረ። ተለማምዶታል። «አባ ታከለ ስድስት ብለዋል። ስድስት አይደለም፤ ሰባትም አይደለም። በአባት በኩል ምንም የለም። እኛና አያ ፈንታ ሥጋ አይደለንም።»

«ተመስገን!» አሉ አያ ፈንታ። አጨበጨቡ። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ማንም አብሯቸው አላጨበጨበም። እንጉዳይ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች። «እኛ የእጅጉ ነን። እነሱ ከእኛ ካልሆኑ የማን ናቸው?»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በድሮ ጊዜ አንዳንድ ቤት ውስጥ ተገዝቶ የመጣ ሰው ነበር። ልጁ እዚያው ይወለዳል፣ በቤቱ ጌታ ስም ይጠራል፣ ዘመን ሲያልፍ ነገሩ ይረሳል ይባላል። አይረሳም። የዚያ የተገዛው ሰው ዘር ነው ከተባለ ሰው ጋር ሰባት ቤት አይደለም ሰባ ቤትም ቢርቅ አይጋቡም። ለዚያ ዘር የሚባል ቃል አለ። እዚህ አልጽፈውም። ያን ቀንም ማንም አፉን ከፍቶ አልተናገረውም፤ ሁላችንም ግን ሰማነው። አባ ታከለ ዘመድ ናቸው እያሉ ሲቆጥሩ የኖሩት የአንዱን ቤት ጉድ ሸፍነው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁሉም አያ ፈንታን አየ። እሳቸው ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀርቶ ነበር፤ የት እንደሚያደርጉት ያጡ ይመስሉ ነበር። አባቴ ፀጉራቸውን አየ፣ አፍንጫቸውን አየ፣ እጃቸውን አየ፣ እንደ አዲስ። አያ ፈንታ ከአባቴ ትንሽ ጠቆር ይላሉ። ሌላ ማስረጃ አልነበረም።

አባ ታከለ ዓይናቸውን ጨፍነው «ስድስት ብያችሁ ነበር» አሉ። 

እኔ ደሳለኝን አየሁት። ለሁሉ መልስ ያለው ሰው ነው። አሁን ይቆርጣቸዋል፣ አክስቴን እንደዚያች የክሊኒክ ሴት ያስለቅሳታል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም ለመንኩት፣ በልቤ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። አያ ፈንታ ኮፍያቸውን አደረጉ። «አውቶቡሱ ሰንበት ሳይገባ...» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ወጡ። ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን ሰማን፤ አራት ፎቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የተናገረው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ምርመራው የሚለው አንድ እንዳልሆንን ብቻ ነው። ማንኛችን የእጅጉ እንዳልሆንን አይልም። እኛም ልንሆን እንችላለን።»

አባቴ ተነስቶ በጥፊ መታው። በልጅነቱ እንኳ መትቶት አያውቅም።

«አባ ታከለ ይንገሩን» አለ ደሳለኝ፣ ጉንጩን ሳይነካ። «ያውቃሉ። ማንኛችን ነን?»

አባ ታከለ በትራቸውን ፈለጉ። እናቴ አቀበለቻቸው። ወጡ።

ወሬው ከእሑድ በፊት ከተማውን ዞረ። ስለ እኛ አልነበረም። ምኩራብ ውስጥ አያ ፈንታ አጠገብ የነበረው ወንበር ባዶ ሆነ። ሠርግ ሲኖር የጥሪ ወረቀት አልደረሳቸውም። ማንም አልሰደባቸውም፤ ሰላምታ እንኳ ይሰጧቸዋል፣ ከሩቅ። አያ ፈንታ ከሥራ ሌላ ከቤት መውጣት ተዉ።

አስቴር አንድ ቀን መጣች። ወደ ላይ አልወጣችም፤ ከሕንፃው ሥር ቆማ አስጠራችው። እኔ ከሥራ እየገባሁ ነበርና እንዳልፍ ስፈልግ «ቁም፣ አንተም ስማ» አለችኝ።

«ነገ እንጋባ» አላት ደሳለኝ። «ማን ይከለክለናል?»

«አባቴ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። አንተ ስለ ሠርግ ታወራኛለህ?»

«ያልኩት እውነት ነው አስቴር።»

«እውነት አይደለም ያለህ አለ? አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ማንኛችን እንደሆንን አይታወቅም ብለሃል አሉ። ታውቀው ነበር። አባቴ እዚያ ቁጭ ብሎ ሁሉም ሲያየው ታውቀው ነበር። ለምን ሲወጣ ጠበቅህ?»

ይዋሻል ብዬ ተመኘሁ። ደንግጬ ነው ቢላት ኖሮ ምናልባት ታምነው ነበር። መዋሸት ግን አያውቅም።

«እኔም አየሁት» አላት። «እነሱ ሲያዩት እኔም ፊቱን አየሁት። እነሱ የሚፈልጉትን ፈለግሁበት።»

አስቴር አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «አባዬ ምራቁን የሰጠህ ልጄ ብሎ ነው» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም።

ያን ምሽት በረንዳ ላይ ስለ ሥራው አወራኝ፣ ሳልጠይቀው። ክሩ ሲባዛ የማይገጥም ጥንድ ከተፈጠረ የሚያርሙ አሉ አለኝ። እየዞሩ ይዳስሳሉ፣ ያበጠ ቦታ ሲያገኙ ከሁለቱ አንዱን ቆርጠው ይጥላሉ። የቱ አሮጌ የቱ አዲስ እንደሆነ ምልክት ካላገኙ ግን አያውቁም። ደህናውን ቆርጠው ስህተቱን ያጸኑታል። «ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይገጥማል» አለ። «ማንም ስህተት እንደነበር አያውቅም።»  በደንብ ተረድቼው እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አንደበቱ ተወው። ሰው ሲሳሳት አያርምም፣ አይሳደብም። እናቴ «አሞታል» ትል ነበር። እኔ ስድቡ ናፈቀኝ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍራል ግን ናፈቀኝ። የማይለወጥ አንድ ነገር ብቻ ያደርግ ነበር፤ በየሳምንቱ ካርሜ ጋት ሄዶ የአያ ፈንታን በር ያንኳኳል። አይከፈትለትም። ይመለሳል። አንድ ሰሞን ግን ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ መጣ፤ ተከፍቶለታል መሰለኝ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። የነገረኝ ሦስተኛ ሰው እንደሚፈልግ ነው። ከእጅጉ በሌላ ልጁ በኩል የሚወለድ አንድ ወንድ ካገኘ፣ ምራቁ ከእኛ ወይም ከአያ ፈንታ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያውቁት አባ ታከለ ብቻ ነበሩ። በክረምት ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ሄዶ አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ ለመናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከነጣታቸው አንጓ ተቀበሩ። ደሳለኝ ግን አልተወም፤ ጎንደር ላሉ ሰዎች ይደውላል፣ አሽኬሎን ላሉ ሽማግሌዎች ይደውላል፣ በትሕትና «አባ» እያለ ይለምናል። ከዚያ ያ ጠዋት መጣ፤ ስለ ጫማዬ ተናገረኝና ሄደ።

በሰባቱ የለቅሶ ቀናት መካከል አያ ፈንታ መጡ። ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ሲገቡ ወሬው ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ጀመረ፣ ዝቅ ብሎ። አባቴ ቀና አላለም። በሩ አጠገብ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናቴ ውኃ ሰጠቻቸው። ጠጡ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አሉና ተነሱ። ልሸኛቸው ተከትያቸው ወረድኩ። አክስቴ እንጉዳይ ከወጥ ቤት አየችን።

ታች ስንደርስ የሕንፃው በር ላይ ቆሙ።

«ነግሮህ ነበር?» አሉኝ።

«ምኑን አያ ፈንታ?»

«የቱ እንደሆንን። ወይ እኛ ነን ወይ እናንተ ናችሁ ብሎኛል። ሳላገኘው አላርፍም፣ መጥቼ እነግርዎታለሁ ብሎኝ ነበር። እጠብቀው ነበር።» በሩን ተደገፉና «ለሌላ አይደለም። አስቴር ትጠይቀኛለች፤ የምላት የለኝም» አሉ።

«አልነገረኝም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። አግኝቶ ይሁን ሳያገኝ የሞተ አላውቅም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መካከል ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማን። እንጉዳይ ናት። በለቅሶው ቤት ሰው ሁሉ የሚጠጣው በሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ጥቁር ከረጢት አለ፣ የሁሉም ኩባያ እዚያ ይገባል። እሷ ግን አያ ፈንታ የጠጡበትን ኩባያ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ አራት ፎቅ ወርዳለች። በሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እቴ እንጉዳይ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሏት።

«አሜን፣ አያ ፈንታ። በደህና ይግቡ።» እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ዘግይታ ነበር።

አያ ፈንታ መጣያውን አዩ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት ጋ ነው። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ» አሉ። «ወደዚያው ነኝ። እኔ እጥለዋለሁ።»

ሰጠቻቸው።